የአባቴ የቁም ተዝካር

አባቴ ጾም ይወድ ነበር። ሌላው ሰው ጾምን ይጾመዋል፤ አባቴ ግን ይወደው ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ፊቱ ይፈካል፤ ፋሲካ ሲደርስ ይከፋዋል። ሰባቱ አጽዋማት አልበቃው ብሎ ከየት እንዳመጣቸው የማናውቃቸውን የፈቃድ ጾሞች ይጨምርባቸው ነበር። ፈቃዱ የእሱ፣ ጾሙ ግን የቤቱ ሁሉ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "የዚህ ሰውዬ ጾም ከእህሉ ጋር የተማከረ ነው" ትል ነበር። እሱ ሲሰማ አይቆጣም። ቁጣ ያስርባል ብሎ ያምን ነበር።

በእምነቱ ማንም አይጠረጥረውም። እሑድ ሲሆን ከካህናቱ ቀድሞ ሚካኤል ደጅ ይደርሳል። ሲሰግድ ግንባሩ መሬት ሲመታ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያኑን በር፣ ደጀ ሰላሙን፣ የግቢውን ዛፍ ሳይቀር ተሳልሞ ነው የሚመለሰው። ነገር ግን ከአባቴ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እጅ የገባ ነገር አየሁ የሚል ሰው በመንደራችን አልነበረም። ለማኝ ደጃችን ሲቆም "እግዜር ይስጥህ" ይለዋል። ሲለው ፌዝ የለበትም፤ እግዜር እንዲሰጠው ከልቡ ይመኝለታል።

የምንኖረው ከመተማ ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ በልጅነቱ መሬት ፍለጋ ከደጋ የወረደ ሰው ነበር። እዚያው አገባ፣ እዚያው ማሽላና ሰሊጥ ዘራ፣ እዚያው ወንዶች ልጆቹን በንዳድ ቀበረ። የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጣሊያን ከገባ በኋላ ባሌ ከአርበኞች ጋር ወደ አርማጭሆ ስለወጣ፣ እናቴም ስላረፈች፣ ተመልሼ አባቴ ቤት ገባሁ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ማሽላችን እንደ ሀገሩ ልማድ በጉድጓድ ተቀብሮ ይቀመጣል፤ ጉድጓዱ የት የት እንደሆነ አባቴ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አምስተኛ ዓመቱን በያዘበት ዘመን ነው። ክረምቱ እንደወጣ አባቴን ንዳድ ጣለው። ንዳድ ለቆላ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ይመጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይሄዳል። ያን ጊዜ ግን መጥቶ አልሄድ አለ። አባቴ ከስቶ አጥንቱ ወጣ። የንስሐ አባታችን ተጠርተው መጡ። ረጋ ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ቄስ ነበሩ፤ ብዙ ዓመት ሲመክሩት ኖረው ሰልችቷቸው ትተውት ነበር።

አጠገቡ ተቀመጡና፣ "ሃይማኖትህን አውቀዋለሁ" አሉት። "ስለሱ አልጠይቅህም። ምግባርህን ንገረኝ። ለማን ምን ሰጥተህ ታውቃለህ?"

አባቴ ዐይኑን ጨፈነ። ያንቀላፋ መስሎኝ ልሸፍነው ስነሳ፣ ለካስ እያሰበ ኖሯል።

"አንድ ጊዜ ለመንገደኛ ውሃ አጠጥቻለሁ" አለ።

"ውሃው ከየት ነበር?"

"ከወንዝ።"

"ማን ቀዳው?"

"ራሱ።"

"አንተ ታዲያ ምን አደረግህ?"

"ወንዙን አሳየሁት።"

ቄሱ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ የሚሳለሙ መሰሉ። ከዚያ በኋላ ያወሩት ግን ቀልድ አልነበረም። "ልጄ" አሉት፣ አባቴ በዕድሜ ይበልጣቸው ነበር፣ "እግዚአብሔር በእምነትህ ቢያስገባህ ደስ ይለኛል። ግን እምነትህ ሰው ነክቶ አያውቅም። እምነት ዘር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ማሽላህም ዘር ነው፤ ግን አይበቅልም።"

"አይበቅልም" አለ አባቴ። "ግን አይጠፋምም።"

"ይነቅዛል።"

ይህ አባቴን ነካው። ነቀዝን በጣም ይፈራ ነበር። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት አስጠራቸውና፣ "መዳን በእምነት ከሆነ እኔ አለኝ። በሥራም ከሆነ ልኩን ይንገሩኝና ልጨርሰው" አላቸው። ቄሱ ነገሩ የገበያ አለመሆኑን፣ መዳን የእግዚአብሔር ቸርነት መሆኑን፣ ሰው መልካም የሚሠራው ቸርነቱን ለመግዛት ሳይሆን ስላመነ መሆኑን ቀስ ብለው አስረዱት። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸውና፣ "እሺ፤ በሬ ነው ወይስ ፍየል?" አለ።

በመጨረሻ የቁም ተዝካር እንዲያወጣ ተስማሙ። ሰው ሳይሞት ተዝካሩን ደግሶ፣ ካህናት ጸልየውለት፣ ድሃውም ጎረቤቱም በልቶ ነፍስ ይማር ብሎት ቢሄድ በሀገራችን ብርቅ አይደለም። ልጅ የሌለው ያደርገዋል፤ ልጁን የማያምንም ያደርገዋል። አባቴ ያሳደገኝ እሱ ራሱ ስለሆነ አያምነኝም ነበር።

"ስሞት አንዲት ዶሮ አርዳ ትገላገለኛለች" አለ ወደኔ እየጠቆመ።

"ዶሮዋም ከተገኘች ነው" አልኩት።

"ይኸው! ሰሙ አይደል?" አላቸው ቄሱን።

ቀኑ ለኅዳር ሚካኤል ሆነ። ከዚያ ካለፈ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ሥጋ እስከ ገና የለም። እስከ ገና መቆየቱን ደግሞ እሱም እኔም እንጠራጠር ነበር። አባቴ የፈራው ሞቱን አይደለም። የፈራው እዚያ ደርሶ፣ ምን ይዘህ መጣህ ሲባል፣ ወንዝ አሳየሁ ብሎ መቆምን ነበር። አንድ ቀን እህል ስፈጭ ጠርቶኝ፣ "ባይቀበለኝስ?" አለኝ። አባቴ እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ወደ ወፍጮዬ ተመለስኩ።

ድግሱ ተጀመረ። አንዱን ጉድጓድ ከፈተ። ለብቅል ስወስድ ቆሞ አየኝ፤ ለእንጀራ ስወስድ ተቀምጦ አየኝ፤ መቆም አቅቶት ነው። ቅቤ ለመንግሥተ ሰማያት ግዴታ መሆን አለመሆኑን ቄሱን አስጠየቀ። ግዴታ አይደለም አሉት። እንግዲያው ይቅር አለ። በሬውን ግን አልተከራከረም። ቀይ ሰንጋ ነበረን፤ ከጥጃነቱ ጀምሮ ያሳደገው ራሱ ነው፤ ጣሊያን ስንት ከብት ዘርፎ ሲነዳ ጫካ ውስጥ ደብቆ ያተረፈው። "እሱ ይታረድ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያን ቀን አዘንኩለት። ሰው ነፍሱን ለማዳን ይህን ያህል ሲጨነቅ ማየት ያሳዝናል።

በዚሁ መሀል ጦርነቱ መተማ ላይ ደረሰ። እንግሊዝ ከሱዳን በኩል ከገላባት፣ ጣሊያን ከመተማ ሆነው ይታኮሱ ጀመር። ከሰማይም አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል። የከተማው ሰው ልጁን አዝሎ፣ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ወደኛ በኩል ሸሸ። ባለሱቁ፣ ተሸካሚው፣ ሻይ ሻጯ፣ አብዛኛው እስላም ነው። ከቤታችን በታች ትልቅ ግራር አለ፤ እሱ ሥር ሰፈሩ። ጨው ከሱ እንገዛ የነበረው ነጋዴም ከነሚስቱና ከነልጆቹ መጣ። ጀለቢያው አፈር ጠጥቶ ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። ድግስ እንዳለብን ሲሰማ፣ ከተረፈችው ዕቃ መሀል ጨውና በርበሬ አውጥቶ አመጣልኝ። ዋጋውን ብጠይቀው፣ "ወላሂ፣ ከጎረቤት አልቀበልም" አለ። ለአባቴ ስነግረው በጣም ደስ አለው። የሰው ደግነት ደስ ይለዋል። "ለነሱስ ምን እንስጣቸው?" ስለው ግን፣ "ድግሱ ለተጠራ ሰው ነው" አለኝ።

የድግሱ ዋዜማ ጠዋት ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነበር። የጎረቤት ሴቶች የማሽላውን እንጀራ ጋግረው በየሰፌዱ ከምረውታል፤ ጠላው ደርሷል፤ ሰንጋው ከጓሮ ታስሯል። አውሮፕላኑ ያን ጊዜ መጣ። ዝቅ ብሎ በቤታችን ጣራ ላይ አለፈ። ቦምብ አልጣለብንም፤ የጣለብን ጩኸቱን ብቻ ነው፤ እሱም በቃን። ሰው ሁሉ ወደ ጫካ ሮጠ። ሰንጋው ገመዱን በጥሶ ወደ ወንዙ ሲጋልብ ፈፋ ውስጥ ገባ። ስደርስ ከታች ተጋድሟል፤ የፊት እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል፤ አንገቱ ተቀልብሶ ያጣጥራል።

ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ ማንም አይበላውም። የኛ ወንዶች ጫካ ናቸው። "ቢላ! የሰው ያለህ!" ብዬ ጮህኩ። ከግራሩ ሥር አንድ ሰው ቢላ ይዞ እየበረረ ወረደ፤ ነጋዴው ነው። ምንም አልጠየቀኝም። የበሬውን ራስ እስላሞች ሲያርዱ ወደሚያዞሩበት አቅጣጫ አዞረ፣ "ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር" አለ፣ ቆረጠ። ደሙ ሲፈስ ቀና ብሎ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! ደረስኩለት!" አለኝ። ላብ አጥምቆት ይስቅ ነበር።

እኔ አልሳቅሁም። ፊቴን አየና የእሱም ሳቅ እየከሰመ ሄደ። በኛ ሀገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን። በሌላው ነገር ሁሉ አብረን እንኖራለን፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ ብቻ እንለያያለን። ነጋዴው ይህን ከኔ የበለጠ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከክርስቲያን ጋር ነው። ግን ሰው ሲጣደፍ እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

አባቴ በምርኩዝ እየተጎተተ ደረሰ። ፈፋው አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየ።

"ማነው ያረደው?"

"እኔ ነኝ ጌታው" አለ ነጋዴው። "ሊሞት ነበር። ላተርፍልዎት ብዬ ነው።"

"ሥጋውን አተረፍህ" አለ አባቴ። "እኔን ግን ገደልከኝ።"

"አላህ ምስክሬ ነው ጌታው፣ በክፋት አይደለም። ዱዓ አደርግልዎታለሁ።"

"ያንተ ጸሎት ለኔ ይሠራ እንደሆን አላውቅም። ቢላህ ግን ሠርቷል።"

ቄሱም ተጠርተው መጡ። እሳቸውም አፋፉ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። የሚከራከሩበት ነገር አልነበረም። "ይህ ለተዝካር አይሆንም" አሉ። ሌላ በሬ ይፈለግ ቢባል፣ በሀገሩ የቀረ በሬ የለም። ጾሙ ደግሞ ደጅ ቆሟል። "ለገና አድርገው" አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ለገና እኔ የለሁም" አለ አባቴ። ሌላ ሀገር ሊሄድ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ነው የተናገረው።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የቆላ ፀሐይ እየበረታ ነበር፤ ዝንቡ መጥቷል። ነጋዴው ገፎ ጨርሷል፤ ግን የሰው ንብረት ነውና ቢላውን ጠርጎ ራቅ ብሎ ቆመ። ከግራሩ ሥር ሰዎች አንድ በአንድ መጥተው ፈፋውን ከበቡት። ሴቶች ልጅ አዝለዋል። ማንም አልለመነም። ቢለምኑት ኖሮ "እግዜር ይስጣችሁ" ይላቸው ነበር፤ እሱን ለምዶታል። ሳይለምኑ ዝም ብለው መቆማቸው ግን ግራ አጋባው። አንዴ ሥጋውን፣ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ቄሱን ያያል። ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" ብሎ በድንገት ጮኸ። የተቆጣ ነበር የሚመስለው። "ሳይሸት ውሰዱት እንጂ!"

ወሰዱት። እሳት ነደደ፣ ድስት ተጣደ። አባቴ ካለበት አልተነሳም። ጥቂት ቆይቶ ጠራኝና፣ "በምን ሊበሉት ነው?" አለኝ።

"እንጃ።"

"ሥጋ ያለ እንጀራ ይባክናል" አለ። "እንጀራው ምን ይሠራል እዚያ?"

እንጀራውን በየሰፌዱ ተሸክሜ ወረድኩ። አንዱ ሲያልቅ፣ "ሌላውስ?" አለ። ሌላውን አወረድኩ። ሲመሽ ቤታችን ውስጥ ጠላ ብቻ ቀረ፤ እሱን እስላሞቹ አይጠጡትም። ቄሱ ለመባረክ አስበው ነበር መሰለኝ፣ ብድግ ብለው ጠጋ አሉ። ሥጋውን ትተው እንጀራውን ብቻ ሊባርኩ ነው። ግን ሥጋው እንጀራው ላይ ነበር። ትንሽ ቆመው ተመልሰው ተቀመጡ። አባቴ ቁራሽ አልቀመሰም፤ የፈቃድ ጾም ላይ ነኝ አለ። ሕፃናቱ አፋቸውን ጠራርገው እግሩ ሥር ሲተኙ ምርኩዙን አነሳ፤ ሊያባርራቸው ነው ስል፣ እንዳይደናቀፉበት ወደ ጎን አስቀመጠው።

በማግስቱ የተጠሩት ጎረቤቶቻችን በነጫጭ ልብሳቸው መጡ። ጠላና ቆሎ አገኙ። ነፍስ ይማር ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም አንዷ፣ "ይህ ሰውዬ ተዝካሩንም ጾም አደረገው" ስትል ሰምቻለሁ።

ጾሙ ገባ፤ አባቴም ከነንዳዱ ጾመ። ሕመሙ ጠንቶ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ቄሱን አስጠራ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

"ያ ነገር ተዝካር ይባላል?"

"አይባልም" አሉ ቄሱ። መዋሸት አይችሉበትም። "ጸሎት አልተደረገበትም።"

"ታዲያ ምን ይባላል?"

"ምጽዋት ይባላል።"

አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። "እኔ ምጽዋት ሰጥቼ አላውቅም" አለ።

ተናደድኩ። ወር ሙሉ በዚያ ፍርሃት ሲቃጠል አይቼዋለሁ፤ አሁን የሚያጽናናው ነገር እጁ ላይ ተቀምጦለት አላይም ይላል። "ሰጥተዋል እንጂ!" አልኩት። "ያን ሁሉ ሰው ያበላው ማነው? ለእግዜር ይህን ይንገሩት፤ ስጠየቅ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ ይበሉ!"

ዐይኑን ገልጦ አየኝ። ከንዳዱ የተነሳ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ አስተያየቱ ግን የጤነኛ ነበር።

"ዋሽተሽ አታስገቢኝ" አለኝ። "ሊሸት ስለነበር ነው።"

"እሺ፣ ሥጋውስ ሊሸት ነበር። እንጀራውስ?"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ መልስ እየፈለገ ነው።

"ስለ እንጀራው አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "እርቧቸው ነበር።"

ቄሱ ቀና አሉ። አባቴ ግን ያለውን ነገር ልብ አላለውም፤ ወደሚያስጨንቀው ተመለሰ። "አባ" አላቸው፣ "ምንም አልያዝኩም። ድግሴም ተበላሸ። ጾሜንም እርስዎ ያውቁታል፣ ለምን እንደምጾም። ባዶ እጄን ነው የምሄደው። እሱ ካላዘነልኝ የምለው የለኝም።"

"ያዝንልሃል ብለህ ታምናለህ?"

ዕድሜውን ሙሉ አምናለሁ ሲል የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ሳያስብ መመለስ ፈራ።

"እኔ እንኳ አዘንኩላቸው" አለ።

ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉና ሳያነሱት ቆዩ። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወጣሁ። ውሃ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሰው ፊት ማልቀስ ስለማልወድ ነው።